ፊኛው ይፍረድ

ሙሴ ዘለቀ መሞታቸውን የሰማሁት እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ጫማዬን ስፈልግ ነው። ያረዱኝ ጎረቤታችን እማማ ብዙነሽ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። የሙሴ ዘለቀ በር ከተቆለፈ መሰንበቱን፣ ቢያንኳኩ መልስ መጥፋቱን፣ መስኮቱ ላይ ሁልጊዜ ይንጠለጠል የነበረው የፍየል ፊኛ እንኳ መውረዱን እያለቃቀሱ ነገሩኝ።

እኔ ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ አልሆነም። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ፣ ጭራሽ ባሰብኝ። እማማ ብዙነሽ ድንጋጤ ያሳበደኝ መሰላቸውና ጠበል ፍለጋ ዞር ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"አልሞቱም እማማ። ድሬዳዋ ገብተዋል" አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመሩ። "አይ ልጄ፤ መርዶው ከብዶሽ ነው" አሉ።

አልፈርድባቸውም። እኛ ሰፈር ሙሴ ዘለቀ ሞቱ ቢባል ሰው ያለቅሳል፤ ሙሴ ዘለቀ ድንበር ተሻገሩ ቢባል ግን ማንም አያምንም። ሰውየው ጅቡቲ ተወልደው ጅቡቲ ያረጁ ናቸው። ከፔካ 12 ወዲያ፣ የከባድ መኪኖቹ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ከሚያቀናበት ወዲያ፣ አንዲት እርምጃ ሲራመዱ ያያቸው የለም።

"ሙሴ" እዚህ ከፈረንሳዮቹ የቀረልን "አቶ" ነው፤ ከሌላው ሰው ላይ ሲጠፋ ለእሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ጸንቶላቸው ቀረ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፈረንሳዮቹ ትምህርት ቤት፣ ሊሴ ውስጥ፣ ኬሚስትሪ አስተምረዋል። ጡረታ ሲወጡ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለችው ክፍላቸው የሐበሻ ልጆችን ሰብስበው፣ በፈረንሳይኛ የተማሩትን በአማርኛ እየፈቱ ማስረዳት ጀመሩ። እኔ ተማሪያቸው አልነበርኩም። ሲም ካርድ የምሸጥባት ሱቅ ከክፍላቸው ጋር በአንድ ግድግዳ ትያያዛለች፤ ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። ግጥሜን ስልኬ ላይ እየጻፍኩ፣ እየሰረዝኩ ስቀመጥ የእሳቸው ድምፅ በግድግዳው ያልፍና ስንኜ መሀል ይገባል። አንድ ቀን "ሙጫ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ መንገደኛ አይሆንም፤ ነዋሪ ይሆናል" ሲሉ ሰማኋቸውና ሱቄን ዘግቼ ገባሁ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። "ተቀመጪ፤ ጨው ትቀምሻለሽ" አሉኝ።

የእሳቸው ትምህርት ሁሉ ከዚያች ጨው ይነሣል። ሩዝ የተቀቀለበትን ውሃ ከአሳል ሐይቅ ጨው ጋር ያዋህዳሉ። ድብልቁን በታጠበ የፍየል ፊኛ ይሞሉና አፉን በክር ቋጥረው፣ ንጹሕ ውሃ በያዘ ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ያንጠለጥሉታል። በነጋታው ተማሪዎቹን አሰልፈው የብርጭቆውን ውሃ ያስቀምሳሉ። ከፍየል ፊኛ ዙሪያ የተቀዳ ውሃ ማለት ነው። ፊቱን የሚያጨማድድ ካለ "ሳይንስ ነው፤ ዋጥ" ይሉታል። ውሃው ጨው ጨው ይላል። ከዚያ አዮዲን ጠብ ያደርጉበታል፤ ሩዙ ወጥቶ ቢሆን ውሃው በጠቆረ፣ ግን አይጠቁርም። ፊኛው ውስጥ በቀረው ላይ ጠብ ሲያደርጉ ደግሞ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ጨው ወጥቷል፣ ሩዝ ቀርቷል። ሙሴ ዘለቀ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሡትና ቀስ ብለው "ፊኛው ፈረደ" ይላሉ። ጠመኔ የነካ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ስለሚጠርጉ ጭናቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው።

በፊኛው የሚያልፈው ክሪስታሎይድ ነው፤ እንደ ጨው፣ እንደ ስኳር። ውሃ ውስጥ ሲገባ እስከ መጨረሻው ይበታተናል፣ ቅንጣቱ ከውሃው ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፣ የጠበበች ቀዳዳ ሁሉ በሩ ናት። ውሃው ሲደርቅ ደግሞ ጠርዝና ገጽ ያለው የሚያብለጨልጭ ፍሬ ሆኖ ይቀራል። ኮሎይድ ሌላ ነው፤ እንደ ሙጫ፣ እንደ ሩዝ ውሃ፣ እንደ እንቁላል ነጭ። ቅንጣቱ ለፊኛው ቀዳዳ ትልቅ ነው፤ ግን ወርዶ እስኪዘቅጥ አልከበደም፤ ስለዚህ አይወጣም፣ አይወርድም፣ መሀል ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል። ሲደርቅም ፍሬ አይሆንም፤ ቆዳ ይሆናል፣ ይሰነጣጠቃል። መንገድ ላይ ለልጆች መጫወቻ የሚሸጠውን ቀይ ሌዘር አምጥተው በሁለቱ ብርጭቆዎች ያሳልፉታል። በጨው ውሃው ውስጥ መስመሩ አይታይም። በሩዝ ውሃው ውስጥ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይታያል። "አያችሁ፤ ብርሃን እንኳ እዚህ ጋ ሰው ያገኛል፣ ይጨባበጣል" ይላሉ።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ደህና ነበር። አላቆሙም። ከተማውን ሁሉ ለሁለት ከፈሉት። ከወደብ እስከ ድንበር የሚመላለሱት ሹፌሮች ክሪስታሎይድ ናቸው። ከባቡሩ ዘመን ጀምረን እዚሁ የቀረነው ቤተሰቦች ኮሎይድ ነን፤ አሮጌው ባቡር ቆሞም እኛ ተንሳፍፈን አለን። ጫት ክሪስታሎይድ ነው፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሰማይ ቢደፋ በየቀኑ ያልፋል። እማማ ብዙነሽ ኮሎይድ ናቸው፤ ብርሃን ሲነካቸው ወሬ ይበተናል። በአንድ ነገር ብቻ አይቀልዱም ነበር። ወደ የመን ሊሻገሩ በእግራቸው የሚመጡትን ልጆች ሲያዩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። "ጨው የሚወጣው ውጭው ጣፍጦት አይደለም፤ ውስጡ ስለ በዛበት ነው" ብለው ያገኙትን ሩዝ ይሰጧቸዋል። እኔን ግን ሊመድቡኝ አልቻሉም። ግጥሜን ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው "አንቺ ገና አልደረቅሽም፤ ስትደርቂ እናያለን" ይሉኛል።

የብርጭቆው መቆሚያ ጠረጴዛ አልነበረም፤ አሮጌ የቆዳ ሻንጣ ነው። የአባታቸው ነው። አባታቸው የባቡር መካኒክ ነበሩ፤ በየዓመቱ "ለመጪው ዓመት አገራችን እንገባለን" እያሉ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው በር ሥር አኖሩት፤ እንደ ተዘጋጀ ትተውት ሞቱ። ሙሴ ዘለቀ ሻንጣውን ከፍተውት አያውቁም። ላዩ ላይ ጨውና ሩዝ ይለያዩበታል።

ፊኛውን የሚያቀርቡላቸው ሥጋ ሻጩ ሐጂ ሮብሌ ናቸው። ጢማቸውን በሒና ያቀላሉ፤ ከባቡር ሠራተኞች ጋር ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። መጀመሪያ ላይ መምህሩ ድግምት የሚሠሩ መስሏቸው ፊኛውን በሁለት ጣት ጫፍ አንጠልጥለው ይሰጧቸው ነበር። አንድ ቀን ገብተው ጨዋማውን ውሃ ቀመሱና ከዚያ በኋላ "የዛሬዋ ፍየል ብዙ የምታሳልፍ ናት መዓሊን" እያሉ፣ በሶማልኛ መምህር ማለታቸው ነው፣ መርጠው ማምጣት ጀመሩ።

አሁን ወደ እትዬ ትርሲት ልምጣ። እትዬ ትርሲት ፔካ 12 ላይ የሹፌሮች ምግብ ቤት ነበራቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሊዲያ ድሬዳዋ አግብታለች። በየወሩ በርበሬና ሽሮ ሊያመጡ ድንበር ይሻገራሉ። ሙሴ ዘለቀ አርብ አርብ በሚኒባስ እስከ ምግብ ቤቱ በር ሄደው ሽሮ ይበላሉ። የጾም ቀን ስለሆነ ነው ይላሉ። ሽሮ በየቤታችን አለ። እሳቸው ግን ፀሐይ እየጠበሳቸው ፔካ 12 ድረስ ሄደው፣ ሳህኑን አዘንብለው፣ የሽሮውን መርጋት እያዩ "ፍጹም ኮሎይድ" ይላሉ። እትዬ ትርሲትም ሳያዩዋቸው "ይብረድልህና እየው፤ ሲበርድ ደግሞ አሙቂልኝ ልትል ነው" ይሏቸዋል። ይህ ለዓመታት የቆየ ፍቅር ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የማይነገረው በሁለቱ መካከል ብቻ ነው።

ለምን እንደማይናገሩ አንድ ጊዜ ጠየቅኋቸው። በጣም ተገረሙ። "ምን እላታለሁ? እሷ ክሪስታሎይድ ናት። በወር በወር ታልፋለች። እኔ ሙጫ ነኝ። ፊኛው በመሀላችን ነው" አሉኝ። ይህን ሲሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አልሰቀሉም።

ከዚያ ሊዲያ ወለደች፤ እትዬ ትርሲትም ምግብ ቤቱን ለሌላ ሰው አስረክበው ጠቅልለው ሊሄዱ መሆኑ ተሰማ። የዚያን አርብ ሙሴ ዘለቀ ሽሮውን አልነኩትም። በማግሥቱ ተማሪዎቹን ሲያስቀምሱ ጨው ሳይጨምሩ ቀርተው ኖሮ ልጆቹ በሙሉ "ምንም አይልም ሙሴ" አሏቸው፤ እሳቸውም "ምንም አይልም" ብለው ተቀመጡ።

እኔ ነኝ ሽማግሌ ላኩ ያልኳቸው። ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ቀና አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ችግሩ ታያቸው። ሽማግሌ የሚላከው ለሴቷ ወላጆች ነው። የስድሳ ዓመት ሴት ወላጅ ከየት ይመጣል? ብዙ ተከራከርንና ለልጇ ይላክ ተባለ። ልጇ ደግሞ ድሬዳዋ ናት። በስልክ ይሁን አልኩ። ሽማግሌዎቹ እነማን ይሁኑ ሲባል፣ አንደኛው የቀድሞው የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ጋሽ ደምሴ፣ ሁለተኛው ሐጂ ሮብሌ ሆኑ። ሦስተኛ ጠፋ። ሙሴ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሴት ነኝ፤ ደግሞም ልጅ ነኝ" አልኳቸው።

"ገጣሚ ነሽ። ደምሴ ይለፈልፋል፣ ሮብሌ ጫት ላይ ነው፣ አንድ የሚናገር ሰው ያስፈልገኛል" አሉኝ።

እትዬ ትርሲት ቤት የሄድነው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከተማው በሙሉ በር ዘግቶ በሚተኛበት ወይም በሚቅምበት ሰዓት። ሐጂ ሮብሌ አንድ ጉንጫቸው አብጧል። ጋሽ ደምሴ የድሮ የባቡር ቆባቸውን ደፍተዋል። እኔ ከእማማ ብዙነሽ ጋቢ ተውሼ፣ ዱላ ይዤ፣ ከሥር ከነስኒከሬ ቆሜያለሁ። እትዬ ትርሲት በሩን ከፍተው ሦስታችንን ከላይ እስከ ታች አዩንና "ማን ሞተ?" አሉ።

ጋሽ ደምሴ ወግ አይጣስም ብለው እንደ ቆሙ ቀሩ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም። እኔ ሊዲያን በቪዲዮ ደውዬ ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደገፍኩት። ሊዲያ ሕፃኑን ታቅፋለች። ጋሽ ደምሴ ቆባቸውን አውልቀው፣ ለስኳር ቆርቆሮው እጅ ነሥተው፣ ከአዳም ጀምረው ስለ ጋብቻ ክቡርነት ተናገሩ። መጨረሻ ላይ "ልጅሽን ለልጃችን" የሚለው ጋ ሲደርሱ ተደናቀፉ። ዞረው አዩኝ። ከዚያ በትልቅ ድምፅ "እናትሽን ለልጃችን!" አሉ።

ስልኩ ውስጥ ሊዲያ ሳቀች፣ ሕፃኑ አለቀሰ፣ ሐጂ ሮብሌ ጫታቸው ትን አላቸው። ሊዲያ ዕንባዋን እየጠረገች እናቴን ራሷን ጠይቋት አለች።

እትዬ ትርሲት አልሳቁም። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተቀመጡ። እሳቸው እዚህ እንደማይቀሩ፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያሳድጉ እንደሚሄዱ፣ ዘለቀ የሚፈልጋቸው ከሆነ የሚመጣው እሱ እንደሆነ ተናገሩ። ፓስፖርት አለው ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ደምሴ በየጊዜው ያሳድሰዋል፣ ከፍቶት ግን አያውቅም አሉ። ሁለተኛም አንድ ባል አጥበው መቅበራቸውን፣ የሁለተኛ ባል ልብስ እንደማያጥቡ አስታወቁ።

"ይህን ሁሉ እሺ ቢል እንኳ አይመጣም" አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው ያን ጊዜ ብቻ ቀጠነ። "ሙጫ ነኝ ይላል። እኔ ሙጫ ይዤ ምን አደርጋለሁ?"

ሐጂ ሮብሌ ወደ እኔ አዩ። ለካ የተላክሁት ለዚህች ደቂቃ ነው፤ አንድም ስንኝ ግን አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሳሙና ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት ተማሪ "ሙሴ፣ ሳሙናስ የትኛው ነው?" ብላ ጠይቃቸው ነበር። ሙሴ ዘለቀ ተቅበጠበጡ። ሳሙና ውሃ ውስጥ ኮሎይድ ነው፤ ቅንጣቶቹ ተሰባስበው ጉባኤ ይሠራሉ፣ ሌዘሩ ይታይበታል። ንጹሕ አልኮል ውስጥ ሲሟሟ ግን ጉባኤው ይበተናል፤ አንድ በአንድ ሆነው እንደማንኛውም ክሪስታሎይድ ያልፋሉ። ሙጫነትም ጨውነትም የነገሩ ዘር አይደለም፤ ያለበት ሁኔታ ነው፣ የገባበት ፈሳሽ ነው። ይህን በጥድፊያ ሰሌዳው ላይ ጻፉና ማንም ሳይገለብጠው አጠፉት። ያን ቀን ምሳቸውንም አልበሉም። ከተማውን ለሁለት የከፈሉበት ቢላዋ ነበር የዶለዶመባቸው።

"እትዬ ትርሲት፣ ሙሴ ራሳቸው ያስተማሩት አንድ ነገር አለ። ሳሙና..." ብዬ ስጀምር ከውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ "ሳሙናን ተዪ!" የሚል ድምፅ መጣ።

ሁላችንም ዘለልን። መጋረጃውን ስገልጠው ሙሴ ዘለቀ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብለዋል፤ ሸሚዛቸው ከላብ ብዛት ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። ሽማግሌ በተላከበት ሰዓት አግቢው እዚያ ሰፈር መታየቱ ነውር ነው። ጋሽ ደምሴ ቆባቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ።

"ለምን ትተወዋለች?" አሉ እትዬ ትርሲት በመስኮቱ ብቅ ብለው።

"ልዩ ሁኔታ ነው" አሉ ሙሴ ዘለቀ ከመሬት። "ለጀማሪ አይነገርም።"

"ንገሪኝ ልጄ" አሉኝ እትዬ ትርሲት።

ነገርኳቸው። ውሃና አልኮል፣ ጉባኤና መበተን፣ ሁሉንም። ሙሴ ዘለቀ በየመሀሉ ከመስኮቱ ሥር ስህተቴን ያርማሉ፤ ራሳቸውን መግታት አልቻሉም፤ የተሳሳተ ኬሚስትሪ ሰምተው ዝም ማለት ከአቅማቸው በላይ ነው። እያረሙ እያረሙ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ተነሡ። መጨረሻውን የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ "ስለዚህ ያው አንዱ ሳሙና እዚህ ቀሪ፣ እዚያ አላፊ ሊሆን ይችላል" አሉ። ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙት አፋቸው ክፍት እንደሆነ ቀረ።

እትዬ ትርሲት በመስኮቱ ተደግፈው ብዙ አዩዋቸው። ከዚያ ከእሳቸው የተማሩትን ቃል መለሱላቸው።

"ፊኛው ይፍረድ ዘለቀ። ባቡሩ ቅዳሜ ነው።"

ስልኩ ውስጥ ሊዲያ እልል አለች። ሐጂ ሮብሌ "አሁን መቀመጥ ይቻላል?" አሉ፤ እግራቸው ዝሎ ነበር።

ቅዳሜ ናጋድ፣ አዲሱ ባቡር ጣቢያ፣ የደረስነው ከባቡሩ በፊት ነው። ሙሴ ዘለቀ አይመጡም ብዬ ፈርቼ ነበር። እትዬ ትርሲትም ፈርተዋል፤ አይናገሩም እንጂ ዓይናቸው ከበሩ አልተነሣም። በመጨረሻ ከታክሲ ወረዱ። በእጃቸው ያ የቆዳ ሻንጣ አለ፤ ክዳኑ ላይ ብርጭቆው የቆመበት ክብ አሁንም በጨው ነጥቷል። ሰውነታቸው ላይ ደግሞ የአባታቸው ወፍራም የሱፍ ኮት። ማታ ሻንጣውን ሲከፍቱት ከውስጡ የወጣው እሱ ነው፤ አባታቸው ለአገራቸው ብርድ ያኖሩት። ቀትር ላይ በጅቡቲ ፀሐይ እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።

"ሙሴ፣ ድሬዳዋ እኮ ሙቅ ናት" አልኳቸው።

"አባቴ ብርድ አለ ብሎኛል። ሄጄ አረጋግጣለሁ" አሉኝ።

ፊኛውን ለሐጂ ሮብሌ አስረከቧቸው። ሐጂ ሮብሌ እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ጋሽ ደምሴ ጡረታቸውን ረስተው ትኬቱን ተቀብለው በጣታቸው ቀደድ ሊያደርጉት ሲሉ እትዬ ትርሲት ነጠቋቸው። ሙሴ ዘለቀ በባቡሩ ደረጃ ላይ አንድ እግራቸውን አኑረው ቆሙ። ሌላው እግራቸው ጅቡቲ ላይ ነው። ኋላ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀመረ። እትዬ ትርሲት አልጎተቷቸውም፣ አልገፏቸውም። ከላይ ሆነው ጠበቁ። ሙሴ ዘለቀ ወደ እኔ ዞረው "አንቺን አልመደብኩሽም" አሉኝ። "አይመድቡኝ፤ ይውጡ" አልኳቸው። ወጡ።

ሳምንት አልፎ በዚያ እሑድ ይህን ሁሉ ለእማማ ብዙነሽ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ግን አላስተካከሉም። ሰው በድምፁ ካልሰሙት አያምኑም። ስለዚህ እዚያው ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ያነሡት እትዬ ትርሲት ናቸው። ድንበር ላይ መኮንኑ ለምን እንደሚሄዱ ሲጠይቃቸው ሙሴ ዘለቀ ከፍየሉ ጀምረው እንዳስረዱት፣ ሰልፉ በሙሉ እንደ ቆመ፣ መኮንኑም በመጨረሻ "ስለዚህ ሳሙናው ያልፋል ማለት ነው?" ብሎ ማህተሙን እንዳሳረፈው እየሳቁ ነገሩን። እማማ ብዙነሽ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በጥርጣሬ፣ ዘለቀ በሕይወት ካለ ያናግረኝ አሉ።

"አሁን አይችልም፤ እጁ አረፋ ነው" አሉ እትዬ ትርሲት። "ግቢ ውስጥ ሸሚዙን እያጠበ ነው።"

ከኋላ የሙሴ ዘለቀ ድምፅ መጣ። ለጎረቤት ልጆች ስለ አረፋው እያስረዱ ነው። እማማ ብዙነሽ ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ።